ቀጭን ሲንተቲክ ገመድ ጠልፎ መቀጠያ መሳሪያዎች፦ የፋብሪካውም የቤቱም

ደሴና ኮምቦልቻ ገመድ ማይገባበት ስራ የለም። ከጅቡቲ መስመር ሚመጣው ጭነት መኪና ሸራው ሚወጠረው በገመድ ነው፣ የለቅሶና የሰርግ ድንኳን፣ የልብስ ማስጫው፣ የላሟ ማሰሪያ፣ ባጃጅ ጣሪያ ላይ ሚታሰረው ፍራሽ ሁሉ በሱ ነው። ድሮ ቃጫና ጠፍር ነበር፣ አሁን ደሴ ሰኞ ገበያ ዞር ዞር ብትል ባብዛኛው ምታየው ሲንተቲክ ነው። ሲበጠስ ግን ሁሉም ቋጥሮት ነው ሚሄደው። ቋጠሮ ደግሞ የገመዱን ጉልበት ይበላል፣ እንደ አይነቱ እስከ ግማሽ ድረስ ሊወስድበት ይችላል፣ ቀለበት ውስጥ ላሳልፍህ ስትለውም አልገባም ይላል። ጠልፎ መቀጠል ማለት ጫፉን እዛው ገመዱ ሰውነት ውስጥ መልሶ መክተት ነው፣ በደንብ ከተሰራ አብዛኛው ጉልበቱ አብሮት ይቆያል።

ወፍራም ገመድ በእጅህ ጠምዘዝ ስታደርገው ይከፈትልሃል። ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ግን ጣት አይገባም፣ ስለዚህ ነገሩ ከእጅ ይልቅ የመሳሪያ ጉዳይ ይሆናል። መሳሪያው ደግሞ ሁለት ስራ አለበት፣ ክሩን ሳይጎዳ መክፈትና ጫፉን ይዞ ማሳለፍ። ብዙ ሰው መክፈቱን ብቻ ነው ሚያስበው፣ ለዛ ነው ካቻቢቴ ይዞ ሚታገለው፤ ካቻቢቴ ይከፍታል፣ ስታወጣው ግን ቀዳዳው ወዲያው ይዘጋና ባዶ እጅህን ትቀራለህ።

መጀመሪያ የያዝከውን ገመድ ለይ። ባለ ሶስት ዘለላ ሆኖ የተጠመዘዘው ግምድ ነው፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ደግሞ ጉንጉን። ጉንጉኑን በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ መሀል ስትገፋው አፉን ከፍቶ ካበጠና ውስጡ ባዶ ከሆነ ጫፉን ውስጡ መቅበር ትችላለህ፤ ውስጡ ሌላ እምብርት ክር ካለው ስራው ሌላ ነው፣ ለጀማሪ አይመከርም። ከምን እንደተሰራ ማወቅ ከፈለግህ ቁራጩን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣለው፣ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል፣ ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ። ሱቅ ላይ ሁሉም "ናይለን" ነው ሚባለው፣ አትስማ።

ለግምዱ ከወስፌ ሚበልጥ የለም። ወሎ ውስጥ ስፌት ሚሰፋበት ቤት ወስፌ አይጠፋም፣ ችግሩ ጫፉ ነው፣ ሹል ስለሆነ በዘለላዎቹ መሀል ከማለፍ ይልቅ ዘለላውን ራሱን ሰንጥቆ ይገባል። ሞረድ ላይ ትንሽ ታደነዝዘውና በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለህ፣ በቃ። (እናትህ ሰፌድ ምትሰፋበትን ሳይሆን የራስህን ግዛ፣ ጠብ ይቅርብህ።) የእያንዳንዱን ዘለላ ጫፍ በናስትሮ ጠቅልለህ አንዱን ከላይ አሳልፈህ ሚቀጥለው ስር ትከታለህ፣ ከጥምዘዛው በተቃራኒ። ለቃጫ ሶስት ዙር ይበቃው ነበር፣ ሲንተቲክ ግን ሚያዳልጥ ስለሆነ አምስት ዙር ነው ሚባለው፣ ቀጭን ነው ብለህ አትቀንስ።

ወስፌው ሲወጣ ቀዳዳው ሚዘጋብህ ከሆነ የተሰበረ ጃንጥላ ፈልግ። የጃንጥላው ሽቦ፣ ሁሉም ባይሆን ብዙው፣ በአንድ ጎኑ ቦይ አለው። አስር ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠህ ጫፉን አድቦልቡለህ ስትከተው ዘለላው በቦዩ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፣ ሽቦው ገና እዛው እያለ። የደሴን ክረምት ለሚያውቅ ሰው የተሰበረ ጃንጥላ ማግኘት ከባድ አይደለም። ውጭ አገር የስዊድን ፊድ (ፊድ ማለት ገመድ መክፈቻና ጫፍ ማሳለፊያ መሳሪያ ነው) ብለው ሚሸጡት ሀሳቡ ይሄው ነው፣ ቦይ ያለው ብረት ከነእጀታው።

ባዶ ጉንጉን ላይ ወስፌም ጃንጥላም ብዙ አያስኬድም፣ እዛ ቱቦ ወይም ሽቦ ነው። ለቱቦ የድሮ ሬዲዮ አንቴና አሪፍ ነው፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ ሚገባ ስለሆነ ሲፈታ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ቱቦዎች ይሰጥሃል፣ ከገመድህ ጋር ሚመጥነውን ትመርጣለህ። ቀለሙ ያለቀ የእስክሪብቶ ቀሰምም ለቀጭኑ ይሰራል፣ ግን ይታጠፋል።

እኔን ከጠየቅከኝ ለባዶ ጉንጉን ከሁሉም ባለቀለበት ሽቦው ይበልጣል። ምክንያቱም ቱቦው ጫፉን እየገፋ ነው ሚያስገባው፣ ቀጭን ገመድ ደግሞ ሲገፉት ይጨማደዳል፤ ሽቦው ግን ይጎትታል። ሽቦው ጠንካራ ብረት መሆን አለበት፣ የፌሮ ማሰሪያው ጥቁር ሽቦ ስትገፋው ይተጣጠፋል፣ የመብራት መዳብም እንደዛው። የጊታር ወይም የክራር ብረት ክር ነው ምርጡ፣ የሳይክል ፍሬን ሽቦ ተፈትቶ አንዱ ዘለላም ይሆናል። ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ወስደህ መሀሉ ላይ እጠፈው፣ እጥፋቱን ግን በፒንሳ አትጭመቀው ይሰበራል፣ የእንባ ቅርጽ ይዞ ይቅር። ሁለቱን ጫፍ ባዶ እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ከተህ በሱፐር ግሉና በናስትሮ ታስረዋለህ፣ መያዣ ሆነ ማለት ነው።

አሰራሩ ግልባጭ ነው። ጫፉ በሚገባበት ሳይሆን በመጨረሻ በሚወጣበት ቦታ ሽቦውን ታስገባለህ፣ በባዶው መሀል ገመዱን እየሰበሰብክበት ትሄድና ጫፉ መግባት ባለበት ቦታ ታወጣዋለህ፣ ጫፉን በቀለበቱ ታሳልፋለህ፣ ከዛ ጎትት። እዚህ ጋ ነው ሰው ሚያቅተው፤ ጫፉ ቀለበቱ ውስጥ ስለሚታጠፍ ውፍረቱ እጥፍ ይሆናል፣ በ3 ሚሊ ገመድ ውስጥ ደግሞ 6 ሚሊ አያልፍም። መፍትሄው ጫፉን ማቅጠን ነው። ከመጨረሻው ሲሶ ላይ ጀምረህ ክሮቹን ሁለት ሁለት እያወጣህ ትቆርጣለህ፣ ቀለበቱ ውስጥ ሚገባው ሁለት ሶስት ክር ብቻ ሲሆን ሳይታገልህ ያልፋል፣ የተቀበረውም ቦታ ድንገት ሳይሆን ቀስ እያለ ነው ሚቀጥነው፣ ይሄ ደግሞ ለጉልበቱ ጥሩ ነው።

ሌላ ደግሞ የሹራብ ማሽን መርፌ አለ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆና ሚዘጋ ትንሽ ምላስ ያለው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ለሹራብ ስራ የተፈጠረ ነገር ነው። ምላሱ ሲዘጋ መንጠቆው ሌላ ክር አይይዝም። ለ2 ሚሊ ገመድ እንደሱ ሚመች የለም፣ ግን አጭር ስለሆነ ረጅም መቅበር አትችልበትም። ኪሮሽ መርፌ ምላስ ስለሌለው መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየጎተተ ያስቸግራል።

ፋብሪካ የተሰሩትን መሳሪያዎች ባብዛኛው የመርከብና የጀልባ ሰዎች ናቸው ሚገዟቸው። ቱቦው ፊድ ርዝመቱ በተለምዶ የገመዱ ውፍረት 21 እጥፍ ስለሆነ እንደ ማስመሪያም ያገለግላል፣ ለ6 ሚሊ ወደ 13 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። የሆላንዶቹ ዲ ስፕላይሰር ባለቀለበቱ ሽቦ ነው፣ እጀታውና ብረቱ ጥሩ ሆኖ የተሰራ። የዕለት ስራህ ከሆነ ያዋጣሉ፣ በዓመት አንዴ ሸራ ማሰሪያ ለምትቀጥል ሰው ግን የክራሩ ክር ምንም አይጎድለውም።

ምን ያህል ይቀበር ለሚለው፣ እንደ ዳይኒማ (በጣም ጠንካራ ሲንተቲክ ክር ነው) ላለ በጣም ሚያዳልጥ ጉንጉን የተለመደው ልክ የውፍረቱ 72 እጥፍ ነው፣ ለ3 ሚሊ ወደ 22 ሳንቲ ሜትር። ረጅም ይመስላል ግን ሚይዘው ጭነቱ ውጪውን ወጥሮ ውስጡን ሲጨምቀው ስለሆነ ርዝመቱ ያስፈልገዋል፤ ጭነት ሳይኖር ሊንሸራተት ስለሚችል ደግሞ በጆንያ መርፌ ጥቂት ጊዜ አሳልፈህ ስፋው።

እና ጫፉን በላይተር አታቅልጥ። ሁሉም ሰው ገመድ ሲቆርጥ መጀመሪያ ሚያደርገው ይሄን ነው፣ የቀለጠው ግን ጠንካራ እንክብል ይሆንና ውስጥ ገብቶ ክሩን ይቦጭቃል። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ አካባቢ፣ ዳይኒማ ደግሞ ከዛም ቀድሞ ነው ሚቀልጠው፣ እሳት ትንሽ ከበዛበት ከጫፉ አልፎ ደህናውንም ያበላሻል። ናስትሮ ጠቅልለህ በናስትሮው መሀል ቁረጥ። ፀሀይ ላይ ከርሞ ሲነኩት ዱቄት ዱቄት ሚለውንማ አትድከምበት፣ ጠልፈህ ብትቀጥለውም አጠገቡ ይበጠሳል። ሰው ሚንጠለጠልበት ወይም ሰው ስሩ ሚቆምበት ገመድ ደግሞ ቤት ውስጥ የተቀጠለ አይሁን፣ አዲስ ይገዛ።