በእስረኞች መብት ድርጅት ኢንተርን መሆን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የሚማሩ ብዙ የሐበሻ ልጆች ለእስረኞች መብት በሚሟገት ድርጅት ኢንተርን ለመሆን ሲያመለክቱ፣ ስለ ሥራው ይዘውት የሚገቡት ግምት ከችሎት ፊልም የተቀዳ ነው። እውነተኛው ሥራ ፖስታ፣ ቅጽና ቀን ቆጠራ ነው።

«የሕግ ተማሪ ያልሆነ አይፈለግም»

ይፈለጋል። ካሊፎርኒያ የሕግ ተማሪዎችና የጠበቃ ረዳቶች በጠበቃ ስም እስረኛ እንዳያነጋግሩ ከልክላ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ክልከላውን ሻረው። በጠበቃ ሥር የሚሠራ ተማሪ ደብዳቤ ያነባል፣ ይመዘግባል፣ ያጠቃልላል፣ ሰነድ ይጠይቃል። የማይፈቀድለት የሕግ ምክር መስጠት ነው። «ክስዎ ያዋጣል» ብሎ መጻፍ ያለ ፈቃድ ጥብቅና መቆም ስለሆነ አለቃውን ጠበቃ ጭምር ያስጠይቃል። ኢንተርን ራሱ የሚልከው መልስ «ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ ጉዳይዎን እንያዝ አንያዝ ገና አልወሰንንም» ከሚለው ባያልፍ ይመረጣል። አዲስ ገቢዎች አንጀታቸው ሲባባ «እንረዳዎታለን» ይላሉ። እስረኛው ጠበቃ አገኘሁ ብሎ ሌላ መፈለጉን ይተዋል፤ የማመልከቻ ቀኑም ያልፍበታል።

«ሥራው እስር ቤት ገብቶ ማነጋገር ነው»

ዲሲ የራሷ ወህኒ ቤት የላትም። በ1997 በወጣ ሕግ መሠረት የዲሲ የነበረው የሎርተን ወህኒ ቤት በ2001 ከተዘጋ ወዲህ፣ በዲሲ ሕግ ከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች በመላ አገሪቱ በተበተኑ የፌዴራል ወህኒ ቤቶች ይታሰራሉ። ከተማው ውስጥ የቀረው ጄይል (ማረፊያ ቤት) በዋናነት ፍርዳቸውን ለሚጠባበቁ ነው። ስለዚህ ዋናው መገናኛ ደብዳቤ ነው። መግባት ካስፈለገም ማንነትን የማጣራቱ ሂደት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ለሰመር የመጣ ኢንተርን ወረቀቱን በመጀመሪያው ሳምንት ካላስገባ ጊዜው ያልቅበታል። እዚያው የታሰረ ዘመድ ያለው ሰው ቀድሞ ይናገር። ዘመድ መኖሩ ብዙም አይጎዳም፤ መደበቁ ግን ያስባርራል።

የአንድ ደብዳቤ ማጠቃለያ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፦ ስም፣ ባለ ስምንት አሃዝ የእስረኛ ቁጥር፣ ያለበት ቦታ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን፣ የገባው ቅሬታና የተሰጠው መልስ፣ ሁሉም ከነቀኑ። የቁጥሩ የመጨረሻ ሦስት አሃዞች 007 ከሆኑ ጉዳዩ የመጣው ከከተማዋ የራሷ ፍርድ ቤት፣ ከዲሲ ሱፒሪየር ፍርድ ቤት ነው። እስረኛ በየጊዜው ስለሚዘዋወር፣ መልሱ ፖስታ ቤት ከመግባቱ በፊት ያለበት ቦታ በፌዴራል ወህኒ ቤቶች ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በቁጥሩ ይታይ።

«መብቱ ከተጣሰ መክሰስ ብቻ ነው»

ብዙ ጉዳይ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። በ1996 የወጣው የእስረኞች ክስ ማሻሻያ ሕግ፣ ስለ አያያዙ የሚከስ እስረኛ የወህኒ ቤቱን የውስጥ ቅሬታ ሥርዓት እስከ መጨረሻው ሳይጨርስ ፌዴራል ፍርድ ቤት እንዳይሄድ ይከለክላል። በፌዴራል ወህኒ ቤት መጀመሪያ ብዙውን ጊዜ ቢፒ-8 በሚባለው ወረቀት ነገሩን በስምምነት ለመፍታት ይሞከራል። ድርጊቱ በተፈጸመ በ20 ቀን ውስጥ ቢፒ-9 የተባለው የቅሬታ ቅጽ ለዋርደኑ (ለወህኒ ቤቱ ኃላፊ) ይገባል። ዋርደኑ መልሱን ከፈረመበት ቀን አንስቶ በ20 ቀን ውስጥ የይግባኝ ቅጹ ቢፒ-10 ለሪጅኑ (ለአካባቢው ጽሕፈት ቤት) ዳይሬክተር፣ ከእሱ መልስ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ቢፒ-11 ለዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል። ልብ መባል ያለበት፣ የቢፒ-8 ሙከራ የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት አያስቆምም፤ ሙከራውም ቢፒ-9ን ማስገባቱም በዚያው ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለባቸው።

የማይገናኙ ሁለት ጉዳዮች በአንድ ቅጽ ላይ ከተጻፉ ቅጹ ይመለሳል። የበፊቱ ደረጃ ቅጂና መልስ ሳይያያዝ የተላከ ይግባኝም እንዲሁ። ማራዘሚያው ተጨምሮ የመልሱ ጊዜ ካለፈ እስረኛው ዝምታውን እንደ እምቢታ ቆጥሮ ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሄድ ይችላል፤ ብዙዎች ግን መልስ ሲጠብቁ ይቀራሉ። እዚያው ግቢ ቢታወቅ ለአደጋ የሚያጋልጥ ቅሬታ በቀጥታ ለሪጅኑ ሊላክ ይችላል። ቅጽ የተከለከለ ወይም ዛቻ የደረሰበትስ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 በሮስ እና ብሌክ መዝገብ፣ በተግባር የሌለን ሥርዓት ጨርስ ተብሎ ማንም አይገደድም ብሏል። ይህን ለማስረዳት ግን ቅጹን ማንን ጠየቀ፣ መቼ፣ ምን ተባለ የሚለው ዝርዝር ያስፈልጋል። ኢንተርኑ መልሶ መጠየቅ ያለበትም ይህንኑ ነው። ድርጊቱ ከተፈጸመ 20 ቀን ያልሞላው ደብዳቤ ሲገኝ ለጠበቃው የሚነገረው በዕለቱ ነው፤ የሳምንቱን ስብሰባ አይጠብቅም።

«በሕክምና የተበደለ ሁሉ ሕገ መንግሥታዊ ክስ አለው»

የሐኪም ስህተት ብቻውን አይበቃም። ከ1976ቱ የኤስቴል እና ጋምብል ውሳኔ ወዲህ የሚጠየቀው፣ ኃላፊው ከባድ ሕመም መኖሩን እያወቀ ችላ ብሎ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ከምርመራው ውጤት እኩል፣ እስረኛው ሐኪም ለማየት ያስገባቸው የጥያቄ ወረቀቶች ይፈለጋሉ። ማወቃቸውን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

«ከሕግ ቢሮ የተላከ ፖስታ አይከፈትም»

ሊከፈት ይችላል። በፌዴራል ወህኒ ቤት ፖስታው ላይ የጠበቃው ስምና ጠበቃነቱ በግልጽ ከመጻፉ ሌላ፣ ልዩ ደብዳቤ እንደሆነና በእስረኛው ፊት ብቻ እንደሚከፈት የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ምልክት ያስፈልጋል። የቢሮው ስም ብቻ አይበቃም። የኢንተርኑ የቤት አድራሻ ደግሞ በምንም ምክንያት አይጻፍም።

«ደመወዝ ስለሌለው ለውጭ ተማሪ ፈቃድ አያስፈልግም»

ኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ያለው ተማሪ ኢንተርንሺፑን የትምህርቱ አካል አድርጎ የሚሠራ ከሆነ፣ ሲፒቲ የሚባለው የተግባር ልምምድ ፈቃድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው አይ-20 በተባለው ሰነድ ላይ መስፈር አለበት። ከጀመሩ በኋላ ማስተካከል የለም። ስለዚህ ቦታውን እሺ ከማለት በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ መጠየቅ ነው።

«አማርኛ የሚችል ኢንተርን ለቤተሰብ ሁሉን ማስረዳት ይችላል»

አማርኛ ተናጋሪ ኢንተርን ሲገኝ ከእናቶች የሚመጣው ስልክ ሁሉ ወደ እሱ ይተላለፋል። እናትየዋ «ልጄ ምን ብሎ ጻፈላችሁ?» ስትል ዝም ማለት ይከብዳል። ደንበኛው ግን ልጁ ነው፤ ለማን ምን እንዲነገር እንደፈቀደ የሚገልጽ የፈረመበት ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ከሌለ፣ ደብዳቤ መድረሱን እንኳ ማረጋገጥ አይቻልም። እሷ የምትናገረውን መመዝገብ ግን ይቻላል፤ መቼ እንደደወለላት፣ ምን እንዳመመው፣ ወዴት እንደተዛወረ። የፈቃዱ ቅጽም በዚያው ቀን ለልጁ ይላካል።