የኦኢኤም ላይሰንስ ምንድን ነው? ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ዎርድ ለምን ሌላው ላይ አይጫንም?

እትዬ ከጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሮ ጸሐፊ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩም «እትዬ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ድሮ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ አራት ኪሎ ወጡ። አሁን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ከአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ጋር፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይተይባሉ። ግንቦትና ሰኔ ሲሆን በሩ ላይ ሰልፍ አለ።

በዚሁ ግርግር መሀል የእህታቸው ልጅ ከውጭ አዲስ ላፕቶፕ ይዞላቸው መጣ። ዎርድና ኤክሴል ተጭነውበታል። ክራክ አይደለም፤ ኦሪጅናል ነው፣ ደረሰኙ ላይም ተጽፏል። እትዬ ወዲያው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ዎርድ ዴስክቶፑም ላይ ጫንልኝ። አንዴ ተከፍሎበት የለ?»

«እትዬ፣ አይሆንም» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው? የጽሕፈት መኪናዬን ለጎረቤት ሳውስ ማን ፈቃድ ጠየቀኝ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የጽሕፈት መኪና ሲያውሱ ግን ባለቤቱ እጁ ባዶ ይቀራል። ሶፍትዌር ሲያውሱት ይባዛል እንጂ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ስለዚህ ሻጩ የሚሸጠው ፕሮግራሙን ሳይሆን የመጠቀም መብቱን ነው። ላይሰንስ የሚባለው ይሄ ነው። ለኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። ቤት እንሠራለን፣ እንሸጣለን፤ መሬቱ ግን የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ እኛ ያለን ይዞታ ነው። ዎርድም ይዞታ እንጂ ርስት አይደለም።

እሺ፣ ይዞታው የማን ነው? የሰውየው ነው ወይስ የማሽኑ? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኦኢኤም የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። ዕቃውን የሚሠራውን ኩባንያ ነው የሚያመለክተው፤ እንደ ኤችፒ፣ ዴል፣ ሌኖቮ ያሉትን። እነዚህ ኩባንያዎች ዊንዶውስንና ኦፊስን፣ ማለትም ዎርድና ኤክሴል ያሉበትን ጥቅል፣ ከማይክሮሶፍት በብዛት ይወስዳሉ፣ ፋብሪካው ውስጥ ይጭናሉ፣ ከላፕቶፑ ጋር ይሸጣሉ። ዋጋው ለብቻው ከሚሸጠው ይረክሳል። የርካሽነቱ ዕዳ ግን አለ። ላይሰንሱ የሚታሰረው ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ነው። ኮምፒውተሩ ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል፣ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ወደ ሌላ ማሽን አይዛወርም፤ ሁለት ማሽን ላይ ጎን ለጎን መጠቀም ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

እትዬ ከፒያሳ ሲነሡ የቤት ስልካቸው መስመር እዚያው ቀረ። ሲም ካርዳቸው ግን ቦርሳቸው ውስጥ አራት ኪሎ ገባ። ኦኢኤም የቤት ስልክ ነው። ለብቻው የሚሸጠው፣ ነጋዴዎች ሪቴይል የሚሉት ደግሞ ሲም ካርድ ነው፤ ከአንዱ ቀፎ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። ሲም ካርዱም ቢሆን ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ቀፎ ውስጥ አይገባም።

ሰውን የሚያደናግረው ፕሮግራሙ ከላይ ሲታይ ያው መሆኑ ነው። ኦፊስ 2010ን እንውሰድ። «ሆም ኤንድ ስቱደንት» የተባለው ዓይነት በሳጥን ሲሸጥ በአንድ ቤት ውስጥ እስከ 3 ኮምፒውተር ላይ ይጫን ነበር። ያው «ሆም ኤንድ ስቱደንት» ቁልፉ የተጻፈበት ካርድ ብቻ ሆኖ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ሲሸጥ ግን ለ1 ኮምፒውተር ብቻ ነበር። «ሆም ኤንድ ቢዝነስ» በሳጥን ከሆነ ለአንድ ዴስክቶፕና፣ ያው ሰው ለሚይዘው አንድ ላፕቶፕ ይፈቀድ ነበር። በካርድ ከሆነ አሁንም 1። አንዱ ቤት ሦስት ላይ ተጭኖ ያየ ሰው፣ የራሱ ሁለተኛው ላይ እምቢ ሲል «ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም፤ ወረቀቱ ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ በዚያው ዘመን አንድ ደስ የሚል ነገር ነበር። «ኦፊስ ስታርተር 2010» ይባላል። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ተጭኖ የሚመጣ፣ ነፃ፣ ጎኑ ላይ ማስታወቂያ የሚያሳይ፣ ዎርድና ኤክሴል ብቻ ያለው ቀለል ያለ ኦፊስ ነው። እሱን ፍላሽ ላይ አድርጎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሥራት በራሱ በማይክሮሶፍት የተፈቀደ ነበር። ተጭኖ የመጣ ኦፊስ በሕጋዊ መንገድ ከቤቱ ሲወጣ ያየሁት ያኔ ነው። ብዙም አልቆየም።

ከዚያ ኦፊስ 2013 መጣ። ማይክሮሶፍት ለብቻው የሚሸጠውንም ከመጀመሪያው ኮምፒውተር ጋር ለዘለዓለም ላስረው አለ። ሲም ካርዱን የቤት ስልክ ሊያደርገው ነበር ማለት ነው። ሰው ጮኸ። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ኩባንያው ሐሳቡን ቀየረ፤ ለብቻው የተገዛውን በየ90 ቀኑ አንዴ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማዛወር ፈቀደ። ከአሮጌው ላይ አጥፍቶ ነው ታዲያ።

ከ2013 ወዲህ ሌላ ለውጥም አለ፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጎዳው በሱ ነው። ድሮ 25 ፊደልና ቁጥር ያለው ቁልፍ ነበር፤ ስቲከሩን የያዘ ያሸንፋል። አሁን ኦፊስ መጀመሪያ የተከፈተበት ኢሜይል ላይ ይመዘገባል። ማሽኑም ሰውም ታስረዋል ማለት ነው።

እኔ ራሴ በዚህ ተበልቻለሁ። ሱቁን አልጠራም። አዲስ ላፕቶፕ ስገዛ ልጁ «ጣጣውን ልጨርስልህ» አለኝ። እኔም «ተባረክ» አልኩ። ልጁ ለዚህ ብሎ በከፈተው ኢሜይል ኦፊሱን አክቲቬት አደረገው፤ ፈቃዱን አስመዝግቦ ሥራ አስጀመረው ማለት ነው። ከዓመት በኋላ ላፕቶፑ ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውሱ ራሱን አወቀ፤ ኦፊሱ ግን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጠየቀ። ልጁ ሱቁን ለቋል። ኢሜይሉን የሚያስታውስ የለም። ኦፊሴ አሁንም የሆነ ሰው ስም ላይ በሰላም ይኖራል።

ዊንዶውሱ ራሱን ያወቀው ለምንድን ነው? ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ተጭኖ የሚመጣው ዊንዶውስ ቁልፉ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ስለሚጻፍ ነው። ሃርድ ዲስክ ቢቀየር፣ ራም ቢጨመር ችግር የለም። ማዘርቦርድ ከተቀየረ ግን፣ በላይሰንሱ ዓይን አዲስ ኮምፒውተር ሆነ። ተበላሽቶ የተተካ ከሆነ ይፈቀዳል፤ ፍጥነት ለመጨመር ብላችሁ ከቀየራችሁት አይፈቀድም። እኛ ጋ ላፕቶፕ ስንት ጊዜ ተፈታቶ እንደሚገጠም ለምታውቁ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር የሚመጣው ኦፊስ፣ ዊንዶውሱ ከተከፈተ በ180 ቀን ውስጥ ካልተመዘገበ ዕድሉ ያልፋል። ከውጭ መጥቶ ለሠርግ ስጦታ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ሳይሆን፣ ተከፍቶ ለሙከራ ታይቶ የተተወ ላፕቶፕ ካላችሁ ቶሎ አውጡት።

አሁን ያላችሁ ኦፊስ የማን እንደሆነ ለማወቅ ከባድ አይደለም። ዎርድን ክፈቱ፣ ፋይል የሚለውን፣ ከዚያ አካውንት የሚለውን ተጫኑ። የኦፊሱ ዓይነት ተጽፏል፤ በኢሜይል የተመዘገበ ከሆነ የማን እንደሆነም እዚያው ይታያል። የማታውቁት ሰው ኢሜይል ካያችሁ፣ እንደኔው ናችሁ። አዲስ በተገዛ የግል ላፕቶፕ ላይ «ፕሮፌሽናል ፕላስ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ጠርጥሩ። እሱ በአብዛኛው ለትልልቅ ድርጅቶች በጅምላ ላይሰንስ የሚሰጥ ነው። በዚህ አሠራር ኮምፒውተሮቹ ወደ ድርጅቱ ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) እየደወሉ ቢያንስ በ180 ቀን አንዴ ፈቃዳቸውን ያድሳሉ። ሱቅ ውስጥ «አክቲቬተር» የሚሉት ነገር ሥራው የውሸት ሰርቨር ሆኖ መመለስ ነው። ጸረ ቫይረሱን አጥፉ የሚላችሁም ለዚሁ ነው። ካምፓስ እያለሁ እኔም ተጠቅሜዋለሁ፤ አልዋሽም። ግን ጸረ ቫይረስ አጥፍቶ ከማያውቁት ሰው ፍላሽ የሚጫን ነገር፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚቀመጥበት ማሽን ላይ አይመከርም።

«ፎልደሩን ገልብጬ ባመጣውስ?» ያሉኝም ነበሩ፤ እትዬ አይደሉም፣ አጠገባቸው የነበረ ተማሪ ነው። አይሠራም። ኦፊስ ሲጫን ዊንዶውሱ ውስጥ ብዙ ቦታ ይመዘገባል፣ ፎልደሩ ብቻውን ሬሳ ነው። ሙሉውን ሃርድ ዲስክ ብትገለብጡት እንኳ አክቲቬሽኑ የማሽኑን መታወቂያ ስለሚያይ ሌላ ማሽን መሆኑን ይለያል።

ሕጉስ? እንደ አገሩ ይለያያል። ጀርመን ውስጥ ከፍተኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 በሰጠው ውሳኔ፣ የኦኢኤም ሶፍትዌር ያለ ኮምፒውተሩ ተለይቶ ቢሸጥ ማይክሮሶፍት ሊከለክል እንደማይችል ተናግሯል። አንዴ ገበያ ላይ ከወጣ ወጣ ነው ነገሩ። ያም ሆኖ የፈቀደው መሸጥን እንጂ ማባዛትን አይደለም። በኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ውስጥ ይቆጥረዋል። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው አንድ ቅጂ ለመጠባበቂያ፣ ዋናው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ለመተኪያ እንዲያስቀምጥም ይፈቅዳል። ዴስክቶፑ ላይ ጭኖ በየቀኑ መሥራት ግን መጠባበቂያ አይባልም።

እትዬ ይሄን ሁሉ ሰምተው «እና ምን ይሻለኛል?» አሉ።

አንዱ መንገድ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈለው ማይክሮሶፍት 365 ነው። እሱ ማሽኑን ሳይሆን ሰውየውን ነው የሚከተለው። ለግል የሚሸጠው በአንድ ጊዜ እስከ 5 መሣሪያ ላይ ይሠራል። እንደ ስልክ ጥቅል ነው፤ ሲያልቅ ይቆማል፣ ሰነዱን ማንበብ እንጂ ማረም አይቻልም። በዚያ ላይ ለቤት ተብሎ የሚሸጠው ለንግድ ሥራ አይፈቀድም፤ የእትዬ ሥራ ደግሞ ንግድ ነው፣ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ለሥራ የሚሸጠው ሌላ ነው፣ ክፍያውም ከውጭ በካርድ ነው። ይሄን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

ሌላው ሊብሬኦፊስ ነው። ነፃ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል፣ አንድም ይሁን መቶ ኮምፒውተር ላይ ብትጭኑት የሚጠይቃችሁ የለም። የዎርድ ሰነድ ይከፍታል። ችግሩ ፎንት ነው። ዶክመንቱ የተሠራበት የአማርኛ ፎንት እዚያ ማሽን ላይ ከሌለ መስመሩ ይዘላል፣ ገጹ ይዛባል። ለዚህ እንደ አቢሲኒካ ያሉ ነፃ ፎንቶች ሁለቱም ማሽን ላይ ቢጫኑ ይሻላል። ኒያላ የተባለው የዊንዶውስ ነው፤ ፎንትም ላይሰንስ አለው።

ዴስክቶፑ ላይ ሊብሬኦፊስና አቢሲኒካን ጫንኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ደወሉ።

«ልጄ፣ ገጽ 43 ላይ የነበረው ሠንጠረዥ 44 ላይ ምን ይሠራል?»

አሁን መላ አበጅተዋል። የሚረዳቸው ልጅ ዴስክቶፑ ላይ ይተይባል። እሳቸው ፋይሉን በፍላሽ ወደ ላፕቶፑ ወስደው ገጹን ያስተካክሉና ያትማሉ። ላፕቶፑን ማታ በሻርፕ ጠቅልለው ቤታቸው ይዘው ይገባሉ። የተከፈተበትን ኢሜይልና የይለፍ ቃሉን ደግሞ በእጃቸው ጽፈው የዕድር ደብተራቸው ውስጥ አስቀምጠዋል።