የድሪል ካርቦን ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ድሪል ይዞ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ካርቦኑን አይተኸዋል?» ተብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሲጫኑት የሚቆራረጥ፣ ሲነቀንቁት ደግሞ ተመልሶ የሚነሣ ድሪል ብዙውን ጊዜ ሞተሩ አልተቃጠለም፤ ያለቀው ካርቦኑ ነው።

ካርቦን ከግራፋይትና ከካርቦን ዱቄት ተጠቅጥቆ የሚሠራ ጥቁር፣ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ነው። በአንድ ድሪል ውስጥ ሁለት ሲሆኑ፣ ከሮተሩ (ከሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል) ግራና ቀኝ ተቀምጠው ከኋላ ሞላ ይገፋቸዋል። ሥራቸው ከሶኬት የመጣውን 220 ቮልት ለሚሽከረከረው ሮተር ማድረስ ነው። በሚሽከረከር ነገር ላይ ሽቦ ቢታሰር ተጠማዝዞ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ካርቦኑ ኮሚውቴተር የሚባለውን የመዳብ ቀለበት እየታከከ ኤሌክትሪኩን ያሻግራል። በጥንቶቹ ሞተሮች ይህን የሚሠራው መዳብ ራሱ ነበር፤ መዳብ ከመዳብ ሲፋተግም ሁለቱም ይበላሉ። ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ፎርብስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ካርቦንን ለዚህ ሥራ አዋለ። ግራፋይት ያለ ግሪስ ይንሸራተታል፣ ከመዳብም ይለሰልሳል፤ ልክ እንደ መኪና የፍሬን ሸራ፣ ውዱ ክፍል እንዳይበላ እሱ እንዲያልቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ለጥንድ ካርቦን ሲባል ሙሉ ድሪል የሚጥል ሰው ያናድደኛል።

ያለቀው ካርቦን ታዲያ የት ይሄዳል? ዱቄት ይሆናል፤ ከፊሉም እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። ይህ ዱቄት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በበጋ እምብዛም ላያስቸግር ይችላል፤ በክረምት ግን፣ በተለይ ጣና ዳር ባለ ቤት ውስጥ፣ እርጥበት ሲነካው ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ ሊያሾልክ ይችላል። የቆዩት ድሪሎች አካላቸው ብረት ነው፤ ሶኬቱ የመሬት መስመር ከሌለው የሚነዝረው የያዘውን ሰው ነው። የዋንዛ ሰጋቱራ ሲጨመርበት ደግሞ የአየር መግቢያው ይደፈንና ሞተሩ ይግላል።

ስለዚህ ከክረምት በፊት መጽዳት አለበት። ከሶኬት ነቅሎ፣ በጎንና በጎን ያሉትን ክዳኖች በካቻቢቴ ፈትቶ፣ የትኛው ካርቦን በየት በኩል እንደነበረ ምልክት አድርጎ ማውጣት ነው። ዱቄቱ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ውሃም ቤንዚንም አይነካውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ኮሚውቴተሩ ቡናማ ሆኖ ሲያዩት ቆሻሻ ይመስላቸውና እንደ ወርቅ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉታል። ያ ቡናማ ቀለም ግን ከመዳቡ ኦክሳይድና ከግራፋይቱ በሥራ ብዛት የተፈጠረ ስስ ልባስ ነው፤ መታከኩን የሚያለዝበውም እሱ ነው። ወጥ ሆኖ ከታየ ድሪሉ ጤነኛ ስለሆነ አይነካም። መፋቅ የሚገባው የተቃጠለ ጥቁር ጠባሳ ወይም ቦይ ሲኖር ነው፤ እሱም ቢሆን ለባለሙያ ይሻላል።

ካርቦኑ ከ5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ካጠረ ሁለቱም አንድ ላይ ይለወጣሉ። ልኩ በቃል አይነገርም፤ አሮጌውን ይዞ መሄድ ይሻላል። ልኩ ከታጣ ትንሽ የሚተልቀውን በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ካርቦኑ በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ሳይይዘው መንሸራተት አለበት። አዲሱ ካርቦን ፊቱ ቀለበቱን እስኪመስል ድረስ ድሪሉ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ሥራ ይሽከርከር። ያኔ የምትታይ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ አታስፈራም። እሳቱ ቀለበቱን ሙሉ ከዞረ ግን ችግሩ የሮተሩ ጥቅል ሽቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ሞተር ለሚጠመጥም ባለሙያ ማሳየት ነው።