የአጥር ተክል መከርከሚያ ማሽንና ተቀጣይ ዘንግ አመራረጥ በሰሜን ሸዋ

የአጥር ተክል መከርከሚያ ሁለት ጥርሳም ስለቶች ተነባብረው ወዲህና ወዲያ ሲመላለሱ፣ በመካከላቸው የገባውን ቅርንጫፍ እንደ መቀስ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። በሰሜን ሸዋ ከተሞች ይህ ሥራ የኖረው በገጀራ፣ በማጭድና በእጅ መቀስ ነው፤ ሰፊ ግቢ ያላቸው ተቋማት፣ ሆቴሎችና በግቢ ማስዋብ የተሰማሩ ሰዎች ግን ወደ ማሽን እየዞሩ ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው የሞተሩን ትልቅነትና ስለቱን ከፍ ወዳለ አጥር የሚያደርሰውን ዘንግ ርዝመት ነው። በዚህ አካባቢ ቀድሞ መታየት ያለበት ግን የሚቆረጠው ተክልና የሚሠራበት ቦታ ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በጣርማ በር አልፎ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ተክሉም፣ ብርዱም፣ ሞተሩ የሚስበው አየርም ግን ሌላ ነው።

ተክሉና ስለቱ

በደጋው ለአጥር ከሚተከሉት አንዱ የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ትሪ ሉሰርንም ለአጥርም ለከብት መኖም ይሆናል። ወረድ ሲል ኮሽምና ክትክታ፣ ቆላው ላይ ደግሞ ቡገንቪሊያና ቅንጭብ ይመጣሉ። ሁሉንም በአንድ ስለት ልቁረጥ ማለት ስለቱንም ተክሉንም መጉዳት ነው።

ወሳኙ ልኬት በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከ15 እስከ 20 ሚ.ሜ. ክፍተት ያለው ስለት ለክትክታና ለቀጭን የጥድ ቀንበጥ ይበቃል፤ አቆራረጡም ንጹሕ ነው። ለኮሽምና ብዙ ዓመት ላልተነካ አጥር 30 ሚ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ቅርንጫፉ ከክፍተቱ ከወፈረ ስለቱ ይይዘዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ሠራተኛው በጉልበት ሲገፋ ጥርሱ ይሰበራል ወይም የማርሽ ሳጥኑ ይበላል። እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ ቀድሞ በመጋዝ ማውጣት ይገባል። ርዝመቱን በተመለከተ፣ ከ50 እስከ 60 ሳ.ሜ. ለአብዛኛው የግቢ አጥር ይበቃል። 75 ሳ.ሜ. የሚያስፈልገው ረጅምና ሰፊ አጥር ሲኖር ብቻ ነው፤ ክንድ በቶሎ ያደክማል።

በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ተክሉ ከድንጋይ ካብ ጋር ተጠግቶ የሚያድግበት ቦታ ብዙ ነው። ስለቱ ካቡን አንዴ ከነካ ጥርሱ ይጎርዳል፤ የጎረደው ጥርስ ደግሞ ቀንበጡን ስለሚቦጭቀው ጫፉ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ደርቆ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ጫፉ ላይ የብረት መከላከያ ያለውን ስለት መምረጥ ይሻላል፤ ከካቡ አጠገብ ያለውን አንድ ስንዝር ያህል ደግሞ ለእጅ መቀስ መተው።

ቅንጭብን በማሽን መቁረጥ አይመከርም። ነጭ ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ እይታን ለጊዜው ሊያሳጣ የሚችል ነው፤ ፈጣን ስለት ደግሞ ፈሳሹን ይረጨዋል። በእጅ መቀስ፣ ዙሪያውን በሚሸፍን መነጽርና በጓንት፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል።

የኃይሉ ምንጭና ከፍታው

በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ከፍ ባለ ቦታ የሚስበው አየር ስስ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ በባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ኃይል ሩቡን ያህል ያጣል። ካታሎግ ላይ የተጻፈውን ኃይል አምኖ ትንሹን ማሽን የገዛ ሰው ወፍራም አጥር ላይ ሲያቃስት የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። የኃይሉን መቀነስ ማስቀረት አይቻልም፤ ቤንዚንና አየር በሚደባልቀው ካርቡሬተር የሚስተካከለው የቤንዚኑ መብዛት ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ባለበት ስለሚቀር ድብልቁ ይወፍራል፤ ሞተሩ ያጨሳል፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ይደናቀፋል። መፍትሔው ካርቡሬተሩ ላይ ያለውን፣ በሙሉ ጋዝ የሚገባውን ቤንዚን የሚወስነውን የከፍተኛ ዙር ቪስ በካቻቪቴ ወደ ቀኝ ከአንድ ዙር ስምንተኛ እጅ እያደረጉ ጥቂት ማጥበቅ ነው።

ከባዱ ጥፋት የሚመጣው ግን ወደታች ሲኬድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የተስተካከለ ማሽን ሳይነካ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሲሠራ፣ አየሩ ወፍሮ ቤንዚኑ ስለሚያንሰው ሞተሩ ይግላል። ከቤንዚን ጋር የሚገባው ዘይትም አብሮ ስለሚቀንስ ፒስቶኑ ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ድምፁ ከወትሮው ስል ሆኖ ጋዝ ሲለቀቅ ዙሩ ቶሎ የማይወርድ ከሆነ ወዲያው ማጥፋት ነው። ስለዚህ ወደ ቆላ ሲወረድ ቪሱ ወደ ነበረበት መላላት አለበት። ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሠራተኛ የሁለቱን ቦታ ልክ በቀለም ምልክት ቢያደርግ ብዙ ወጪ ይድናል። ቪሱ የተቆለፈባቸው ወይም ራሳቸውን የሚያስተካክሉ ማሽኖችም ስላሉ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ይደባለቅለታል። 50 ለ 1 ከተባለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ 1 ከተባለ 40 ሚሊ ሊትር ነው። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አይሆንም። ድብልቁም ከአንድ ወር በላይ ባይቀመጥ ይመረጣል።

የባትሪ ማሽን ሞተር ለቃጠሎ አየር ስለማይፈልግ በከፍታ ኃይሉን አያጣም፤ ለደጋው ቤትና ለመካከለኛ ግቢ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ይመስለናል። ጠላቱ ብርድ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ባትሪውን ውጭ ባለ ዕቃ ቤት ቻርጅ ላይ ማሳደር ይጎዳዋል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ የተደረገ ሊቲየም ባትሪ አቅሙን ለዘለቄታው ያጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሁለተኛ ባትሪ የግድ ነው። ባለ ገመድ ማሽን ርካሽ ቢሆንም ገመዱን ራሱ ስለሚቆርጥ፣ ገመዱ ሁልጊዜ በትከሻ ላይ ወደኋላ መሄድ አለበት።

ተቀጣይ ዘንግ

ከሁለት ሜትር በላይ ለሆነ አጥር ሁለት አማራጭ አለ፤ ዘንጉ የራሱ የሆነ ማሽን፣ ወይም በትከሻ በሚንጠለጠል የሣር ማጨጃ ሞተር ላይ የሚገጠም መከርከሚያ። ሁለተኛው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይገዛዋል፤ ብዙ ሰውም ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ዘንግ ከሁሉም ሞተር ጋር አይገጥምምና። ሦስት ነገሮች መመሳሰል አለባቸው፤ የቱቦው የውጭ ስፋት (26 እና 28 ሚ.ሜ. የተለመዱ ናቸው)፣ የውስጠኛው ዘንግ ጫፍ ቅርጽና የጥርስ ብዛት (7 ወይም 9 ጥርስ ያለው፣ ወይም አራት ማዕዘን)፣ እንዲሁም የመቆለፊያው ቀዳዳ ቦታ። በዓይን ከመገመት የራስን ማጨጃ ሱቅ ድረስ ወስዶ መግጠም ይሻላል። ማጨጃው ዘንጉ መሃል ላይ የማይፈታ ከሆነ ተቀጣይ አይቀበልም።

ሲገጠም ቱቦው እስከ ምልክቱ ገብቶ መቆለፊያው ቀጭ ማለት አለበት፤ ከዚያ ቡሎኑ ይጠብቃል። ውስጠኛው ዘንግ አልገባ ካለ በመዶሻ ከመምታት ተቀጣዩን በእጅ ጥቂት ማዞር ነው። በግማሽ ገብቶ የተነሳ ዘንግ በመጀመሪያው ቀን ጥርሱን ይልጣል፤ ምልክቱም ሞተሩ እየጮኸ ስለቱ አለመንቀሳቀሱ ነው። ጋዝ ሳይሰጥ ስለቱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ወይ ሚኒሞው (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ከፍ ብሏል፣ ወይ የሞተሩን ዙር ወደ ስለቱ የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው ፍሪሲዮን ሞላ ተሰብሯል፤ እስኪስተካከል ድረስ መሥራት አይገባም።

ትልቅ ሞተር እዚህ ላይ ጥቅም የለውም። ከ25 እስከ 35 ሲሲ ያለው ይበቃል፤ 52 ሲሲ ሲሆን ጠቅላላው ክብደት ከ9 ኪሎ ስለሚያልፍ ሠራተኛው ግማሽ ቀን አይቆይም። ጭንቅላቱ በተለያየ ማዕዘን የሚታጠፍ መሆኑ ከርዝመቱ ይበልጣል፤ የአጥሩን አናት ከመሬት ቆሞ ማስተካከል የሚቻለው በዚህ ነውና። ዘንጉ ኤሌክትሪክ ስለማይከላከል ከመብራት መስመር ከ10 እስከ 15 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል።

እንክብካቤና አቆራረጥ

የጥድ ሙጫ ስለቱን አጣብቆ ያግለዋል። ከሥራ በኋላ በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ መጥረግና ቀጭን ዘይት መቀባት፣ የማርሽ ሳጥኑን ደግሞ በየ20 እና 25 ሰዓት ሥራ ግራሶ መሙላት ይገባል። የስለቱ ቡሎኖች ከጠበቁ በኋላ ሩብ ዙር መልሰው መላላት አለባቸው፤ በጣም ከላሉ ቅጠሉ ሳይቆረጥ በመካከል ይታጠፋል።

አጥሩ ከታች ሰፍቶ ከላይ መጥበብ አለበት፤ ካልሆነ ታችኛው ክፍል ብርሃን አጥቶ ይራቆታል። ጎኑ ከታች ወደ ላይ ይቆረጣል፣ አናቱ በተወጠረ ሲባጎ ይስተካከላል። ክትክታ ጠበቅ ተደርጎ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የፈረንጅ ጥድ ግን ቅጠል ከሌለው ቡናማ እንጨት አያቆጠቁጥም፤ አንዴ ከአረንጓዴው አልፎ የተቆረጠበት ቦታ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በደጋው ዋናው ቁርጥ ከክረምቱ ዝናብ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ቢሆን ይመረጣል። መስከረም ከገባ በኋላ ቀለል ያለ ማስተካከል ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ ዘግይቶ በጥልቀት የተቆረጠ አጥር የሚያወጣውን ለጋ ቀንበጥ የጥቅምት ውርጭ ያቃጥለዋል።