«የተማሪ ዋጋ አላችሁ?»፦ ስለ ተማሪ ቅናሽ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ውጭ አገር ለትምህርት የሄድኩ ሰሞን በየሳምንቱ ባቡር እሳፈር ነበር። ሙሉ ዋጋ እየከፈልኩ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች የክፍሌ ልጅ ትኬቴን አይታ ደነገጠች። እሷ ለዚያው ጉዞ የከፈለችው ከእኔ በሲሶ ያነሰ ነበር። የተማሪ መታወቂያዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ የከፈልኩትን ልዩነት ግን የሚመልስልኝ አልነበረም። ቅናሽ ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም።

ከዚያ ወዲህ ለትምህርት የሚወጡ ልጆች ሲያማክሩኝ ተመሳሳይ ነገሮችን ደጋግሜ እሰማለሁ። አብዛኛው ከሰው ሰው የመጣ ወሬ ነው። የሚያስወጣው ገንዘብ ግን የእውነት ነው፤ በተለይ ቤተሰቡ ተቸግሮ ላስተማረው ልጅ። ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ቅናሽ መጠየቅ ያሳፍራል»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ብዙ ልጅ ገንዘብ የሚያጣው ባለማወቅ ሳይሆን በይሉኝታ ነው። ካሸሯ ፊት ቆሞ «የተማሪ ዋጋ አላችሁ?» ማለት ችግረኛ የሚያስመስለው ይመስለዋል።

ድርጅቶች ለተማሪ የሚቀንሱት አዝነው አይደለም። ሰው በሃያ ዓመቱ የለመደውን ባንክ ወይም ሶፍትዌር ቶሎ አይቀይርም። የዛሬ ተማሪ ነገ ደሞዝተኛ ነው። ባቡሩም ሲኒማውም ባዶ ወንበር ይዞ ከሚውል በቅናሽ ቢሞላ ይሻለዋል። ተማሪ ደግሞ ዋጋ ሲበዛበት የሚቀር፣ ሲቀነስለት የሚመጣ ደንበኛ ነው። ቅናሹ ተሰልቶ የተቀመጠ የንግድ ውሳኔ ነው። እናንተ ስትጠይቁ ሻጩ ከእናንተ የሚጠብቀውን ነው ያደረጋችሁት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ጥያቄው ከክፍያ በፊት ይምጣ። ደረሰኝ ከታተመ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። የተማሪ ዋጋ ደግሞ ሁልጊዜ ተለጥፎ አይገኝም። ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም።

«የተማሪ ቅናሽ ማለት የልብስና የጫማ ኮድ ነው»

አብዛኛው ተማሪ ስለ ቅናሽ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣለት ዩኒዴይስ ወይም ስቱደንት ቢንስ የሚባለው ድረ ገጽ ነው። በዩኒቨርሲቲ ኢሜይል በነጻ ትመዘገባላችሁ፤ የቅናሽ ኮድ ይሰጧችኋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ተጠቀሙበት። ግን ጫማ የምትገዙት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ትራንስፖርት፣ ኢንሹራንስና የቤት ወጪ በየወሩ ይመጣል። ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው።

እንግሊዝ አገር ካውንስል ታክስ የሚባል ግብር አለ። ቤት ይዞ የሚኖር ሰው ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፍለው ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሁሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ከሆኑ ምንም አይከፍሉም። ተማሪ ያልሆነ አንድ አዋቂ ብቻ አብሯቸው ካለ ከሂሳቡ ሩቡ ይቀነሳል። ይህን የሚያህል የጫማ ኮድ የለም። ችግሩ ምንድን ነው? የግል ቤት ከተከራያችሁ አስተዳደሩ ተማሪ መሆናችሁን ላያውቅ ይችላል። ከዩኒቨርሲቲው ማስረጃ አውጥታችሁ ራሳችሁ ማመልከት አለባችሁ። ሂሳቡ ሲመጣ ደንግጦ የሚከፍል ልጅ አለ። ደብዳቤውን ሳያነብ የሚጥልም አለ፤ እሱ ደግሞ የክስ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል።

ጀርመን ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በየሴሚስተሩ የሚሰበስቡት መዋጮ ውስጥ የትራንስፖርት ትኬት አለበት። ከ2024 እ.ኤ.አ. የበጋ ሴሚስተር ጀምሮ ደግሞ ብዙዎቹ በመላ አገሪቱ የከተማ ትራንስፖርትና የአካባቢ ባቡሮች ላይ የሚሠራውን ትኬት ይሰጣሉ። ገንዘቡን አስቀድማችሁ ከፍላችኋል ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ ሌላ ወርሃዊ ትኬት የሚገዛ አዲስ ተማሪ ግን አይጠፋም። እዚያው ጀርመን የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ የሚባል ክፍያም አለ። ተማሪ መሆን ብቻውን ከእሱ ነጻ አያወጣም። ግን የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በቤት ነው። አራት ሆናችሁ አንድ ቤት ከተከራያችሁ አንዳችሁ ትከፍሉና ለአራት ትካፈላላችሁ። አራታችሁም ለየብቻ የምትከፍሉበት ምክንያት የለም።

አሜሪካ ያለው ደግሞ ቅናሽ ተብሎ ስለማይጠራ ብዙ ሰው ያልፈዋል። በኤፍ 1 ቪዛ የሚማር ሰው በተፈቀደለት ሥራ ላይ ሲሰማራ፣ በመጀመሪያዎቹ 5 የካላንደር ዓመታት በአብዛኛው ከሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) እና ከሜዲኬር (የጤና መድን) ግብር ነጻ ነው። ሁለቱ ተደምረው የደሞዙ 7.65 በመቶ ናቸው። አንዳንድ አሠሪ ሳያውቅ ይቆርጠዋል። የደሞዝ ወረቀታችሁን መስመር በመስመር አንብቡ። ተቆርጦ ካገኛችሁት መጀመሪያ አሠሪውን እንዲመልስላችሁ ጠይቁ።

ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የአይቲ ክፍል ገጽ ክፈቱ። ብዙ ተቋማት ማይክሮሶፍት ኦፊስን ለተማሪዎቻቸው ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ጊትሃብ የተባለው የፕሮግራመሮች መድረክ ለተማሪዎች ያዘጋጀው የመሣሪያዎች ጥቅል፣ የጄትብሬይንስ የፕሮግራሚንግ መሣሪያዎች፣ የአውቶዴስክ የንድፍ ሶፍትዌሮች ለተማሪ ነጻ ናቸው። መማሪያ መጽሐፍም ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት አትግዙ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሌለውን መጽሐፍ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ አስመጥቶ የሚያውስ ክፍል በብዙ ቦታ አለ። እኔ ይህን አገልግሎት ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ካወቅኩ በኋላ ግን መጽሐፍ መግዛት አቆምኩ ማለት ይቻላል።

«መታወቂያው ካለኝ ሁሉም ቦታ ይሠራል»

አይሠራም። እያንዳንዱ ቅናሽ የራሱ ደንብ አለው። አንዱ የሚያየው ዕድሜን ነው፣ ሌላው የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆንን፣ ሌላው የት አገር እንደምትኖሩ።

ለንደንን እንውሰድ። ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተማሪዎች የሚሰጠው ኦይስተር የሚባለው የከተማው የትራንስፖርት ካርድ 30 በመቶ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን የሳምንት፣ የወርና ከዚያ በላይ በሆኑ ትኬቶች ላይ ነው። በጉዞ ልክ እየተቆረጠ በሚሄደው ሂሳብ ላይ ይህ ቅናሽ የለም። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ካምፓስ የሚሄድ ተማሪ ቅናሽ ስላለው ብቻ ወርሃዊ ትኬት ቢገዛ ሊከስር ይችላል። ለእሱ የሚሻለው ሬይልካርድ የሚባለውን የባቡር ቅናሽ ካርድ ከኦይስተሩ ጋር ማያያዝ ነው። ያኔ ሰው በማይበዛበት ሰዓት የሚያደርገው ጉዞ በሲሶ ይቀንስለታል። ማያያዙን በጣቢያው ሠራተኛ ማስደረግ ይቻላል፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ይሄው ሬይልካርድ ስሙ ከ16 እስከ 25 ይባላል። በዚህ ዕድሜ ላላችሁ ተማሪነታችሁን አይጠይቃችሁም። ግን ሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በፈረንጅ 10 ሰዓት) በፊት ለሚደረግ ጉዞ ዝቅተኛ የክፍያ ወለል አለው፤ በሐምሌና በነሐሴ አካባቢ ባሉት ሁለት የፈረንጅ ወራት፣ ማለትም በጁላይና በኦገስት፣ ወለሉ ይነሳል። አጭር ጉዞ በጠዋት የምትሄዱ ከሆነ ምንም ላይቀንስላችሁ ይችላል።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ተማሪዎች በነጻ ሲጓዙ አይታችሁ ለሁሉም መስሏችሁ ይሆናል። ያ መብት ከመንግሥት የተማሪ ድጋፍ ጋር የተያያዘ ነው። ድጋፉ የማይመለከተው የውጭ ተማሪ አያገኘውም። ይህን ሳያጣሩ በጀት ያወጡ ልጆች ገና በመጀመሪያው ወር ይጨነቃሉ።

ተቃራኒውም አለ። ፓሪስ ያለው ሉቭር ሙዚየም ከ26 ዓመት በታች ለሆኑ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣና ነዋሪዎች መግቢያው ነጻ ነው። እዚያ የሚታየው ዕድሜና ነዋሪነት ነው። የየትም አገር ፓስፖርት ይኑራችሁ፣ እዚያ ነዋሪ መሆናችሁን የሚያሳይ ወረቀት ካላችሁ ትገባላችሁ። የተማሪ መታወቂያ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን አይበቃም። የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

«ዕድሜዬ አልፏል፣ ለእኔ አይሆንም»

ማስተርስና ፒኤችዲ የሚማሩ ሰዎች ይህን ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የጀርመን ሕጋዊ የጤና መድን ለተማሪ የሚያስከፍለው ዝቅተኛ ዋጋ በአብዛኛው እስከ 30 ዓመት ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ የሚሄድ ሰው በጀቱን ሲያወጣ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በሌላ በኩል ያ ስሙ ከ16 እስከ 25 የሆነው ሬይልካርድ 26 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎችም ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው ተማሪነታችሁን ካረጋገጠ 40 ዓመት ቢሆናችሁም ታገኙታላችሁ። ስሙን ብቻ አይተው የሚተዉት ብዙ ናቸው።

«ዓለም አቀፉን ካርድ ካልገዛሁ ቅናሽ የለም»

አይሲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪ መታወቂያ እውነተኛ ካርድ ነው። ዩኔስኮ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እውቅና ሰጥቶታል። ለሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ነው፤ የዕድሜ ጣሪያም የለውም። ግን በምትማሩበት ከተማ ብዙ ቦታ የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ ይበቃል። አይሲክ የሚጠቅመው በዕረፍት ጊዜ ሌላ አገር ስትዞሩ፣ በማይታወቅ ቋንቋ የተጻፈ መታወቂያችሁን ማንም ሳያነብላችሁ ሲቀር ነው። ጉዞ ካላሰባችሁ አትቸኩሉ።

«ቅናሽ ከሆነ ርካሽ ነው»

የተማሪ ዋጋ ከሙሉው ዋጋ ያነሰ ነው። ገበያው ላይ ካለው ሁሉ ያነሰ ነው ማለት አይደለም። ላፕቶፕ ስትገዙ አምራቹ ራሱ አድሶ፣ ዋስትና ሰጥቶ የሚሸጠው ከአዲሱ የተማሪ ዋጋ በታች ሊገኝ ይችላል። አውሮፕላን ትኬትም እንዲሁ ነው። ኳታርና ኤምሬትስን የመሰሉ አየር መንገዶች ለተማሪ ቅናሽና ተጨማሪ ሻንጣ አላቸው። ሁለት ሻንጣ ይዞ ለሚሄድ ሰው ሻንጣው ከዋጋው ቅናሽ ሊበልጥ ይችላል። አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ላላችሁ ግን ተራው ርካሽ ትኬት ሊሻል ይችላል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ከፍታችሁ አስሉ።

ይበልጥ የምፈራው ወርሃዊ ክፍያዎችን ነው። የአማዞን ፕራይም የተማሪ አገልግሎት በነጻ ሙከራ ይጀምርና ካልሰረዛችሁት በራሱ ክፍያ ይጀምራል። ስፖቲፋይ በየ12 ወሩ ተማሪነታችሁን እንደገና እንድታረጋግጡ ይጠይቃል፤ ካላረጋገጣችሁ ወደ ሙሉ ዋጋ ይገባል፤ ቢበዛ ደግሞ ለ4 ዓመት ነው። በተመዘገባችሁበት ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ። ሙከራው ከማለቁ ሦስት ቀን በፊት እንዲጮህ።

«የጓደኛዬን ካርድ ብጠቀም ማን ያውቃል?»

ይሄን ልመክር የምፈልገው ከልቤ ነው። እንግሊዝ አገር በሰው ሬይልካርድ መሳፈር ትኬት እንደማጭበርበር ይቆጠራል። ቅጣት ብቻ ሆኖ ላያበቃ ይችላል፤ ፍርድ ቤትም ሊያደርስ ይችላል። በቪዛ የሚኖር ሰው የወንጀል ሪከርድ ሲኖርበት ቀጥሎ የሚመጣው የቪዛ ጥያቄ ነው። አንድ ትኬት ይህን ሁሉ አያዋጣም።

ሶፍትዌር ላይም ወሰን አለ። የጄትብሬይንስና የአውቶዴስክ የተማሪ ፈቃድ ለትምህርት እንጂ ለገቢ ሥራ አይደለም። በትርፍ ጊዜያችሁ ለደንበኛ የምትሠሩ ከሆነ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል።

«የመጨረሻ ሴሚስተር ላይ ነኝ፣ አሁን ምን ይሠራልኛል?»

ብዙ ካርድ የሚቆጠረው ከምረቃችሁ ሳይሆን ከተገዛበት ቀን ነው። ሬይልካርዱ 26 ዓመት ከመሙላታችሁ አንድ ቀን በፊት ቢገዛ ሙሉ ዓመት ይሠራል። የሦስት ዓመቱም አለ፤ እሱን ግን 24 ሳትሞሉ ነው የምትገዙት። የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ከተዘጋ በኋላ ተማሪነትን በኢንተርኔት ማረጋገጥ ይከብዳል። ስለዚህ ላፕቶፕ የምትቀይሩ ከሆነ ከምረቃው በፊት ቀይሩ። በዚያ ኢሜይል የከፈታችኋቸውን አካውንቶች ሁሉ ወደ ግል ኢሜይላችሁ አዛውሩ። ወርሃዊ ክፍያ ያለባቸውን ደግሞ መጀመሪያ ዝጉ፤ ኢሜይሉ ከሄደ በኋላ የይለፍ ቃል መቀየሪያው መልእክት የሚመጣው ወደማትከፍቱት ሳጥን ነው፣ ክፍያው ግን ከካርዳችሁ መቆረጡን ይቀጥላል።