ካይቲን አፍራሽ የባክቴሪያ ኢንዛይሞች፦ አዛዦቻቸውና ከበሽታ ጋር ያላቸው ዝምድና

ካይቲን የነፍሳትን ልባስ፣ የሸርጣንን ቅርፊት፣ የእንጉዳይንና የሻጋታን የሕዋስ ግድግዳ የሚያጠነክር ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ የተሠራው ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን ከሚባል ናይትሮጅን ያዘለ ስኳር ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1811 ከእንጉዳይ አገኘው። በሰሜን ሸዋ ከሸዋ ሮቢት ቆላ እስከ መንዝ ጓሳ ውርጭ ድረስ ካይቲን የሌለበት ቦታ የለም፤ አንበጣውም፣ ምስጡም፣ የባቄላው ቸኮሌት ስፖት ፈንገስም ይሸከሙታል። ተከምሮ የማይቀረው ባክቴሪያዎች ስለሚመገቡት ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን በመሰሉ ተቋሞቻችን ባዮሎጂ የሚማሩ ልጆች ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚያነቡት እምብዛም ስለሌላቸው ይህ ዳሰሳ ተዘጋጅቷል።

ባክቴሪያ ካይቲንን እንዳለ መዋጥ አይችልም። ካይቲኔዝ የተባሉ ኢንዛይሞችን ወደ ውጭ ይልካል፣ ሰንሰለቱ ይቆራረጣል፣ ቁርጥራጩ በሽፋኑ ቀዳዳዎች ይገባል። በደንብ የተጠናችው ሰራሺያ ማርሴሰንስ ናት። ካይ-ኤ እና ካይ-ቢ የተባሉት ካይቲኔዞቿ ከሁለቱ የሰንሰለት ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይቆርጣሉ፣ ካይ-ሲ መሐሉን ይበጥሳል። ሲቢፒ-21 የተባለው ፕሮቲን ለረጅም ጊዜ ካይቲን ላይ ከመጣበቅ ያለፈ ሥራ ያለው አይመስልም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ጠጣሩን ካይቲን በኦክስጅን አማካይነት እንደሚቆርጥ ታወቀ።

ወደ ውጭ የሚላክ ኢንዛይም ውድ ነው፤ የተቆረጠውንም ስኳር ጎረቤት ሊቀማው ይችላል። ስለዚህ ምርቱ በትእዛዝ ነው፤ አዛዦቹ ዘረመሎችን የሚከፍቱና የሚዘጉ ሞለኪውሎች ናቸው። ግሉኮስ ካለ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ካይቲኔዝ አያመርቱም። በኢ. ኮላይና በሳልሞኔላ ካይ-ኤክስ የሚባል ትንሽ አር.ኤን.ኤ. አለ፤ የካይቲን ቁራጭ በሌለበት ጊዜ የመግቢያውን ቀዳዳ ፕሮቲን የሚያሠራውን የዘረመል መልእክት (ኤም.አር.ኤን.ኤ.) ይዞ ፕሮቲኑ እንዳይሠራ ያደርጋል። ቁራጩ ሲመጣ ደግሞ ሌላ መልእክት ይጻፍና ካይ-ኤክስን አጥምዶ ያስወግደዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታወቀው ይህ አሠራር በዘርፉ ከተገኙት ሁሉ ብልሁ ሳይሆን አይቀርም። በሰራሺያ ካይ-ኤክስ ካይ-አር የተባለውን ዋና አዛዥም ይቆጣጠራል።

ስለ ኮሌራ ባክቴሪያም ብዙ ተጽፏል። ቪብሪዮ ኮሌራ ከሰው ውጭ ስትኖር ኮፒፖድ በሚባሉ ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ቅርፊት ላይ ትጣበቃለች። ካይቲን መኖሩን የምታውቀው ካይ-ኤስ በተባለው የሽፋን ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 እንደተገለጸው፣ አንድ ካይቲን ያዥ ፕሮቲን ካይ-ኤስን አፍኖ ይይዘዋል፤ የካይቲን ቁራጭ ሲመጣ ይለቀዋል። ካይ-ኤስ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ለሌላ ፕሮቲን ፎስፌት በማቀበል ይመስል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሥራ ግን ሽፋኑ ላይ እንደተተከለ ራሱ ዲ.ኤን.ኤ. እንደሚይዝ አሳየ።

ትእዛዙ በምግብ ብቻ አያበቃም። ካይቲን ቲኤፍኦ-ኤክስ የተባለውን አዛዥ ሲቀሰቅስ፣ ባክቴሪያዋ በዙሪያዋ የተበተነ ዲ.ኤን.ኤ. መቀበል ትጀምራለች፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2005 ታወቀ። ያው አዛዥ ጎረቤት የሚወጋ መሣሪያዋንም ስለሚያስነሳ፣ የገደለችውን ባክቴሪያ ዘረመል ትወርሳለች። መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይ በዚህ መንገድ ሊተላለፍ ይችላል።

ከሰው አንጀት ጋር የሚያገናኛት ደግሞ ጂቢፒ-ኤ ነው። ይህ ፕሮቲን ቅርፊቱንም የአንጀቱንም ንፍጥ ይይዛል፤ የንፍጡ ዋና ፕሮቲን በሆነው ሙሲን ላይ ያው ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን አለና። ካይ-ኤ-2 የተባለው ካይቲኔዝ ሙሲንን እንደሚያፈርስ የቤተ ሙከራ ሥራዎች ያመለክታሉ፤ በታማሚ ሰው ውስጥ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ግን ገና አልተቋጨም። በባንግላዴሽ የወንዝና የኩሬ ውኃን በታጠፈ አሮጌ ሳሪ ያጠለሉ ቤተሰቦች የኮሌራ ሕመም በ48 በመቶ ቀንሶላቸዋል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ጨርቁ የያዘው ኮፒፖዱን ነው፤ ነጻ የምትዋኘዋ ባክቴሪያ ታልፋለች። በቆላ ወረዳዎቻችን አተት ሲያሰጋ ውኃን በነጠላ አጥሎ መተው አይበቃም፤ ማፍላት ወይም ክሎሪን መጨመር ያስፈልጋል።

በምግብ የምትተላለፈው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ ጥሬ ወተት ለሚወድ አገር ቸል የምትባል አይደለችም። የበሽታ አምጪነቷ ዋና አዛዥ ፒአርኤፍ-ኤ የካይቲኔዝ ሥራዋንም ይደግፋል፤ ካይ-ኤ የተባለው የራሷ ካይቲኔዝ የጎደላት ዝርያ በአይጥ ውስጥ ደክማ ታይታለች። የሳንባ ምች የምታመጣው ሊጂዮኔላ ኒሞፊላ በሳንባ ውስጥ ለመቆየት ካይቲኔዝ ይጠቅማታል። ሌላዋ በሽታ አምጪ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የራሷን ካይቲኔዝ የምታዘው ብዛቷን በምታውቅበት የኬሚካል ምልክት ነው።

ሳንባ ካይቲን የለውም፤ ታዲያ ኢንዛይሙ እዚያ ምን ይቆርጣል? አንዳንዶች ሙሲንን፣ ሌሎች በበሽታ መከላከያ ፕሮቲኖች ላይ ያሉ የስኳር ቅርንጫፎችን ይጠቅሳሉ። ለነፍሳት ልባስ የተሠራው መሣሪያ በእንስሳ ገላ ላይም ማገልገሉ ግን የሚያጠራጥር አይመስልም።

የክረምት መግቢያ ዝናብ የጅሩን መረሬ ሲነካው የሚነሳው ሽታ በአብዛኛው የስትሬፕቶማይሲስ ነው። በእነዚህ ባክቴሪያዎች ዳስ-አር የተባለው ፕሮቲን የካይቲኔዝንም የጸረ ተሕዋስያን መድኃኒትንም ዘረመሎች ዘግቶ ይይዛል፤ ከካይቲን የተገኘ ስኳር ሲከማች ይለቃል። ባቄላችንን የሚጎዳው ቆርምድ የተባለው በሽታ አምጪው የትኛው ዝርያ እንደሆነ ሲያከራክር ቢቆይም፣ ከተጠረጠሩት መካከል ግድግዳቸው ካይቲን ያዘለ ፈንገሶች ስላሉ ካይቲን አፍራሽ ባክቴሪያ ተስፋ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ካይቲን ብቻ በቀረበበት የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የጎበዘ ባክቴሪያ፣ የባቄላው ሥር ቀላል ስኳር በሚያፈስበት ማሳ ዘረመሎቹን ዘግቶ ሊቀመጥ ይችላል። ለደጋው ማሳ የሚመረጥ ዝርያ በዚያው አፈርና በዚያው ብርድ፣ ከሥሩ አጠገብ ኢንዛይሙን ማምረቱ ሊለካ ይገባል።