በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፉ የሶፍትዌር መመሪያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኢንተርኔት ብራውዘሩ ፋየርፎክስ ሲያስቸግር ሰው የሚያነበው መመሪያ፣ በተለይም ትርጉሙ፣ በአብዛኛው የበጎ ፈቃደኞች የእጅ ሥራ ነው። ጽሑፉ አንባቢ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ግን በገምጋሚ እጅ ያልፋል። የፋየርፎክስ ባለቤት የሆነውን የሞዚላን አሠራር ይዘን ስለዚህ ቁጥጥር በተደጋጋሚ የሚነሱ የተሳሳቱ ሐሳቦችን እናርም።

«ማንም የፈለገውን ጽፎ ይለቃል»

አካውንት ያለው ሁሉ ማስተካከያ ማቅረብ መቻሉ እውነት ነው። ያቀረበው ግን ክለሳ ሆኖ ይቀመጣል፤ ገምጋሚ እስኪያጸድቀው ድረስ ለአንባቢ የሚታየው የቀድሞው ጽሑፍ ነው። በውክፔዲያ ለውጡን ወዲያው ማየት የለመደ ሰው እዚህ «ጽሑፌ ጠፋ» ብሎ ያንኑ ደጋግሞ ይልካል። ከመላክ በፊት የጽሑፉን የክለሳ ታሪክ ከፍቶ ማየት ይበቃል፤ የላከው እዚያ ተራውን እየጠበቀ ነው።

«ግምገማ የፊደል ግድፈት መልቀም ነው»

ይህ ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርስ አመለካከት ነው። የግምገማ ዋናው ሥራ መመሪያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርቶ ማየት ነው፤ ያውም በንጹሕ ፕሮፋይል፣ ማለትም ምንም ባልተለወጠበት አዲስ የብራውዘር ቅንብር። በአድራሻ መጻፊያው ላይ «about:profiles» ተብሎ ሲጻፍ የፕሮፋይሎች ዝርዝር ይከፈታል። እዚያ አዲስ ፕሮፋይል ይፈጠርና በእሱ በተከፈተው ብራውዘር እያንዳንዱ ደረጃ ይሞከራል። የጸሐፊው ብራውዘር በዓመታት አጠቃቀም ተለዋውጧል፤ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ መገልገያ) ተጭኖበታል፣ ቁልፎቹ ቦታ ቀይረዋል። እሱ የሚያየው ቁልፍ ትናንት ብራውዘሩን የጫነ ሰው ዘንድ ላይኖር ይችላል።

ቀጥሎ መመሪያው በሌላ ዓይነት ኮምፒውተር መሥራቱ ይታያል። የግል መስኮት ለመክፈት በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ፒ ይጫናሉ፤ በማክ ግን የኮንትሮልን ቦታ ኮማንድ ይይዛል። ጽሑፉ ለዊንዶውስ ብቻ የሚታየውን ክፍል በልዩ ምልክት ከፍቶ በሌላ ምልክት ይዘጋዋል። መዝጊያው ከተረሳ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የማክ ተጠቃሚ ዘንድ ሊሰወር ይችላል፤ ጸሐፊው ግን በራሱ ዊንዶውስ ሁሉንም እያየ ስለሆነ ስህተቱ አይታወቀውም። ሌላ ዓይን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፋየርፎክስ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በየአራት ሳምንቱ አዲስ ስሪት ያወጣል። ባለፈው ወር ትክክል የነበረ ደረጃ ዛሬም ትክክል ስለመሆኑ ዋስትና የለም።

«ካልጸደቀልኝ አልተፈለግሁም ማለት ነው»

ያልጸደቀ ክለሳ አይሰረዝም፤ ከገምጋሚው አስተያየት ጋር በታሪኩ ውስጥ ይቆያል፣ ተስተካክሎም እንደገና ይቀርባል። ክለሳ ከሚወድቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ብዙ ነገር በአንድ ላይ መለወጥ ነው። አንድ የተቀየረ የሜኑ ስም እና ሙሉ የአጻጻፍ ለውጥ አብረው ከመጡ፣ ገምጋሚው የአጻጻፍ ለውጡ ላይ ከተከራከረ ትክክለኛው ማስተካከያም አብሮ ይታገዳል። ለየብቻ ይላኩ። በማብራሪያው ሣጥን ውስጥ ምን እንደተለወጠ፣ ለምን እንደተለወጠ፣ በየትኛው የፋየርፎክስ ስሪትና በየትኛው ሥርዓተ ክወና እንደተሞከረ ይጻፍ። «አሻሽያለሁ» የሚል ብቻውን የገምጋሚውን ጊዜ ይበላል።

«እያንዳንዱ ለውጥ ወዲያው መተርጎም አለበት»

የእንግሊዝኛው ገምጋሚ ሲያጸድቅ የለውጡን ክብደት ከሦስት ደረጃዎች በአንዱ ይመድባል፦ መመሪያውን የማይነካ ጥቃቅን እርማት፣ ትርጉሙ ሊቆይ የሚችል የይዘት ለውጥ፣ እና የቀድሞውን ትርጉም ስህተት የሚያደርግ ትልቅ ለውጥ። ሦስተኛው ሲመረጥ ትርጉሙ ያረጀበት አንባቢ ጽሑፉ ጊዜ ያለፈበት ሊሆን እንደሚችል የሚናገር ማሳሰቢያ ያያል።

የነጠላ ሰረዝ እርማትን ትልቅ ለውጥ ብሎ መመደብ በየቋንቋው ያሉ ተርጓሚዎችን ለከንቱ ሥራ ይጠራል። የተገላቢጦሹ ይብሳል፤ ሜኑ ቦታ ቀይሮ ሳለ ለውጡ ጥቃቅን ከተባለ፣ የትርጉሙ አንባቢ የሌለ ነገር ሲፈልግ ይውላል፣ የሚያስጠነቅቀውም የለም።

«ቁጥጥሩ ያለው በድርጅቱ እጅ ስለሆነ በጎ ፈቃደኛ ድምፅ የለውም»

በየቋንቋው ገምጋሚዎችና የቡድን መሪዎች አሉ፤ እነሱም ራሳቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የትርጉም ደንባቸውንም ያወጡት እነሱ ናቸው። ይህ መብት ሲነካ ምን እንደሚከተል በ2025 ታይቷል። በኦክቶበር ወር ሞዚላ ያስገባው የማሽን ትርጉም የጃፓንኛ ጽሑፎችን መቀየር ሲጀምር፣ ለረጅም ዓመታት የጃፓንኛው ቡድን መሪ የነበሩት በጎ ፈቃደኛ በኖቬምበር ሥራቸውን ማቆማቸውን አስታወቁ። ቅሬታቸው የማኅበረሰቡ የትርጉም መመሪያ አልተከበረም፣ ሰው በቅጡ ሳያየው ትርጉሙ ይጸድቃል የሚል ነበር። ቅሬታቸው ትክክለኛ ነው ብለን እናምናለን፤ ማሽን የሠራውም ሰው እንደጻፈው ሁሉ በገምጋሚ ማለፍ አለበት።

«ስክሪንሾት በበዛ ቁጥር መመሪያው ይገባል»

ከሁሉም ቀድሞ የሚያረጀው ስክሪንሾት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋም እንደገና መነሣት ይኖርበታል። በቃላት የሚገለጽ ነገር በቃላት ይገለጽ። ምስል ግድ ከሆነ የሚፈለገው ቁልፍ አካባቢ ብቻ ይቆረጥ፤ የተከፈቱ ታቦች፣ የኢሜይል አድራሻና የአካውንት ስም ከመጫኑ በፊት ይውጡ።